ያገለገለ መጽሐፍና የደራሲው እንጀራ

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ አዳማን አልፎ፣ ወደ ሶደሬ የወረደ ሰው የአዋሽን ወንዝ ዳር፣ የፍል ውሃውን እንፋሎትና በትልልቆቹ ዛፎች ላይ የሚዘሉትን ጦጣዎች ሳያስታውስ አይመለስም። የቢሮ ሠራተኛ የሳምንቱን ድካም የሚያራግፍበት ስፍራ መሆኑንም ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ዛሬ ስለ ፍል ውሃው ለመናገር አልተነሣሁም። በዚያ ጥላ ሥር ያየሁት አንድ አሮጌ መጽሐፍ ያስነሣብኝን አሳብ ላካፍላችሁ ነው።

መጽሐፉ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበረ። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብዷል፤ ጀርባው በክር ተሰፍቷል። ባለቤቱ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አረጋዊ ናቸው። «አባቴ፣ ለጥቂት ጊዜ ባየው ይፈቅዱልኛል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እይ ልጄ፤ ቅጠሉን ብቻ እንዳትበትንብኝ» ብለው ሰጡኝ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት ስሞች በአራት ዓይነት ቀለም ተጽፈዋል፤ ሦስቱ ተሠርዘዋል፤ አራተኛው የእሳቸው ነበረ። መጽሐፉን የገዙት አዳማ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ መሬት ላይ አንጥፎ ከሚሸጥ ልጅ መሆኑን ነገሩኝ። ዋጋውን ብጠይቃቸው ግን ሣቁና፣ «እሱን ተወው፤ ባለቤቴም አልሰማችም» አሉኝ።

ሥራዬ ሬዲዮ ላይ መናገር መሆኑን በጨዋታ መካከል ስነግራቸው፣ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብለው አራቱን ስሞች በጣታቸው እየቈጠሩ፣ «እንግዲያው ይህን ንገረኝ። ይህ መጽሐፍ ቢያንስ አራት ጊዜ ተሽጧል። ደራሲው ስንት ጊዜ ተከፈላቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አንድ ጊዜ» አልኋቸው። ይህ መልስ አጭር ቢሆንም በቂ አልነበረም። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ለእሳቸው በሚገባ ሳልመልስ የቀረሁትን ጥያቄ ከታሪክ ጋር ለመመልከት የታሰበ ነው።

በብራና ዘመን ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። አንድ መጽሐፍ ሲሠራ ገንዘቡ የሚወጣው ለፍየሉና ለበጉ ቆዳ፣ ለፋቂው፣ ለቀለሙ፣ ይልቁንም ለጸሐፊው እጅ ነበረ። በብዙዎቹ የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደ ገዛው፣ በስንት አሞሌ ጨው ወይም በስንት ብር እንደ ገዛው የሚናገር ማስታወሻ ይገኛል። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ቃልም ይጨመርበታል። እንግዲህ ያገለገለ መጽሐፍ መሸጥና መግዛት በአገራችን ዛሬ የተጀመረ ሥራ አይደለም። ሆኖም መጽሐፉ አሥር እጅ ቢለዋወጥ ደራሲው የሚያጣው ነገር አልነበረም፤ ከመጀመሪያውም በመጽሐፉ ሽያጭ አይተዳደርም ነበርና። ብዙዎቹ ደራሲያን እንኳን ዋጋ ሊጠይቁ ስማቸውንም አልጻፉም። ኑሯቸው ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከቤተ መንግሥት ነበረ።

ነገሩን የለወጠው የማተሚያ መኪና ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን ልብ ወለድ መጽሐፍ በ1900 ዓ.ም. ያሳተሙት በሮም ከተማ ነበረ። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ሲቋቋም ደግሞ በአገር ውስጥ የማሳተም በር ሰፋ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በበኩላቸው ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቁመው መጻሕፍታቸውን ያሳትሙበት ነበር። ከማተሚያው መኪና ጋር አንድ ያልታሰበ ነገር አብሮ መጣ፤ ይኸውም ደራሲው ሳይወድ ነጋዴ መሆኑ ነው። ሠራተኛ በወሩ መጨረሻ ደመወዙን ይቀበላል። ደራሲ ግን አስቀድሞ ለማተሚያ ቤቱ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ከገዢ በጥቂት በጥቂቱ ይለቅማል።

ይህን በቍጥር ብናየው ይበልጥ ይገለጣል። አንድ ደራሲ 3000 ቅጂ አሳተመ እንበል። ከዚያ ውስጥ የ2000ው ቅጂ ዋጋ ለማተሚያ ቤቱ ይሄዳል ብንል፣ ለራሱ የሚተርፈው የ1000ው ነው። እንግዲህ ሊገዙ ካሰቡት ሰዎች መካከል 300ው «ጥቂት ወር ታግሠን አሮጌውን በርካሽ እንገዛለን» ቢሉ፣ የጐደለው ከጠቅላላው ቅጂ ዐሥር እጅ አንዱ ብቻ ይመስላል። ከደራሲው እንጀራ ግን የጐደለው ከሦስት እጅ አንድ ለመሆን ጥቂት የቀረው ነው። የማተሚያ ቤቱ ሒሳብ ቀድሞ ተከፍሏልና፣ ጉድለቱ ሁሉ በደራሲው ላይ ይወድቃል።

ይህን የሰማ ሰው «እንኪያስ የአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የደራሲ ጠላት ነው» ብሎ ለመፍረድ ይቸኵል ይሆናል። ታሪክ ግን የነገሩን ሌላ ገጽታ ያሳየናል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ብዙ የታተሙ መጻሕፍት ጠፍተዋል። ከነፃነት በኋላ ቀድሞ የታተመ መጽሐፍ የፈለገ ሰው ከማተሚያ ቤት አያገኘውም ነበር። የሚያገኘው ከሣጥኑ አውጥቶ ከሚሸጥለት ወይም ከሚያውሰው ሰው ነው። በ1936 ዓ.ም. የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ሆኖም አንድ ቤተ መጻሕፍት የአገርን አንባቢ ሁሉ ሊያዳርስ አይችልም። እንዲህ ባለው ጊዜ የሞተ መጽሐፍ በሕይወት የቈየው በእጅ ዙር ነው። ዐዲስ ቅጂ በሌለበት የአሮጌው ሻጭ ከደራሲው የሚወስደው ገዢ የለም፤ ይልቁንም ስሙ እንዳይረሳ ይጠብቅለታል።

የዚህ ነገር ምስክር የሚሆኑን ሁለት መጻሕፍት አሉ። አንደኛው የአቶ አቤ ጉበኛ «አልወለድም» ነው። እኒህ ሰው የመንግሥት ሥራቸውን ትተው በብዕራቸው ብቻ ለመተዳደር ከደፈሩት ቀደምት ደራሲያን አንዱ ናቸው። መጽሐፉ በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ፤ ወዲያውም ታገደ፤ ያልተሸጡት ቅጂዎች ተሰበሰቡ። በአንባቢ እጅ ያመለጡት ግን ከወዳጅ ወደ ወዳጅ እየተላለፉ ተነበቡ።

ሁለተኛው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በዓሉ እንደ እናንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር በከፍተኛ ሹመት ላይ ሳሉ ነው ይህን መጽሐፍ የጻፉት። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙም ሳይቈይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲው ከሥራቸው ተባረሩ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ ቀሩ። መጽሐፉ ግን አልቀረም። በሥውር ተሸጠ፣ ተከራየ፣ በእጅም በመኪናም እየተገለበጠ ተነበበ፤ ዋጋውም ከታተመበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆነ። መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ እንደገና ታትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ለዓለም አንባቢ ቀርቧል።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለ«ኦሮማይ» የተከፈለውን ከፍ ያለ ዋጋ ያገኘው ማን ነው? አንድ ቅጂ ደብቆ ያቈየ ሰው ነው። አባታቸውን ያጡት ልጆች ከዚያ ዋጋ አንዲት ሳንቲም አልደረሳቸውም። ይህ የሻጩ ጥፋት ነው ለማለት ግን አልችልም። መጽሐፉን ያገደው እሱ አልነበረም፤ ዳግመኛ እንዳይታተም ያደረገውም እሱ አይደለም። እንዲያውም እሱና እሱን የመሰሉት ባይኖሩ ኖሮ፣ እንደገና የሚታተመውን ቃል የሚያስታውስ አንባቢ ባልተገኘ ነበር።

ከእነዚህ ነገሮች የምረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። ያገለገለ መጽሐፍ ንግድ ለደራሲው ጉዳት ወይም ጥቅም መሆኑን የሚወስነው ጊዜው ነው። ዐዲሱ ቅጂ በመደብር ተደርድሮ ገዢ ሲጠብቅ፣ አሮጌው ከጎኑ በርካሽ ሲሸጥ ጉዳት ነው። ዐዲሱ ካለቀ በኋላ ግን አሮጌው የደራሲው ጠበቃ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጠበቃው ለራሱ እንጂ ለደራሲው አይሰበስብም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚባለው የአበው ተረት መጽሐፉ አልቆበት በየመንገዱ ዋጋው ሲወደድ ለሚያይ ደራሲ በእውነት ይስማማዋል።

ሌሎች አገሮች ይህን ጉዳይ እንዴት ተመለከቱት? በአሜሪካ አንድ አሳታሚ በመጽሐፉ ላይ «ከአንድ ዶላር በታች የሸጠ ነጋዴ በሕግ ይጠየቃል» የሚል ማስጠንቀቂያ አትሞ ነበር። አንድ ትልቅ መደብር መጽሐፉን በ89 ሳንቲም ሸጠው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ለመደብሩ ተፈረደለት። የፍርዱ ትርጕም ባለመብቱ አንዱን ቅጂ አንድ ጊዜ ከሸጠው በኋላ በዚያ ቅጂ የወደፊት ሽያጭ ላይ ሊያዝ አይችልም ማለት ነው። ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920 ሥዕል እንደገና ሲሸጥ ሠዓሊው ከዋጋው ድርሻ እንዲያገኝ ሕግ አወጣች። ሥዕሉ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ሽያጩን ለመከተል ይቻላል። በሺሕ የሚቈጠሩትን የመጽሐፍ ቅጂዎች ግን በየጉልቱ ማን ይከተላቸዋል? ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1946 የተሻለ መንገድ አሳየች። መጻሕፍት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲገኙና ሲነበቡ መንግሥት ለደራሲያኑ እንዲከፍል ደነገገች፤ በኋላም እንግሊዝንና ሌሎችን ጨምሮ ብዙ አገሮች ይህንኑ ተከትለዋል።

ወደ አገራችን ሕግ ስንመለስ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የአእምሮ ሥራ የሠራ ሰው ሥራውን በመሥራቱ ብቻ ግዙፍነት የሌለው መብት እንደሚያገኝ ደንግጎ ነበር። በወረቀቱና በቃሉ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። አረጋዊው ወዳጄ በአዳማ የገዙት ወረቀቱን ነው፤ ሊሸጡት፣ ሊሰጡት፣ ሊያወርሱት ይችላሉ። ቃሉን ግን አልገዙትም፤ ሊያባዙት አይችሉም። ከዚያ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይህን በሰፊው አብራርቶታል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ለሕዝብ ማከራየትም በደራሲው መብት ውስጥ የሚቈጠር ነው።

ስለ ማከራየት ስናገር ራሴን ነፃ ለማውጣት አልሻም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የብዙዎቹን ታላላቅ ደራሲያን መጻሕፍት ያነበብኋቸው በጥቂት ሳንቲም ለአንድ ቀን ተከራይቼ ነው። አከራዩ ሰው ስሜን በደብተሩ ይጽፋል፤ ሌሊት በኩራዝ ብርሃን አንብቤ በማግሥቱ እመልሳለሁ። በዚያ መንገድ ባላነብ ኖሮ ዛሬ በዚህ ማይክሮፎን ፊት ባልቆምሁ ነበር። ደመወዝ ማግኘት ከጀመርሁ ወዲህ ግን ከእነዚያ ደራሲያን ስንቱን መጽሐፍ በዐዲስ ዋጋ ገዛሁ ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ያሳፍረኛል። ድኻ ተማሪ የተከራየውን ያህል ደመወዝተኛው ቢገዛ ኖሮ ሒሳቡ በተካከለ ነበር። አብዛኞቻችን ግን ደመወዝተኛ ከሆንን በኋላም በተማሪነት ልማዳችን እንቈያለን።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። በየመንገዱ ከአዟሪዎች እጅ ከምናያቸው መጻሕፍት መካከል ከውጭ ዐዲስ የሚመስሉ፣ ፊደላቸው የደበዘዘ፣ ገጻቸው የጠመመ አሉ። እነዚህ ያገለገሉ ሳይሆኑ በስርቆት የተባዙ ናቸው። አሮጌው መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለደራሲው ተከፍሎበታል፤ የተባዛው ግን ፈጽሞ አልተከፈለበትም። አራት ሰዎች በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሲጠቀሙ ደራሲው የአንዱን ዋጋ አግኝቷል። አራት ሰዎች አራት የተሰረቁ ቅጂዎችን ሲገዙ ደራሲው ባዶ እጁን ይቀራል። እንግዲህ አንዱን ከሌላው ሳንለይ የመንገድ መጽሐፍ ሻጮችን በሙሉ በጅምላ ብንኰንን በድኻው ነጋዴ ላይ ግፍ እንሠራለን፤ ሌባውንም በእሱ ጥላ ሥር እንሸሽገዋለን።

ይህ ስርቆት በመንገድ ላይ ብቻ የሚፈጸም አለመሆኑን ደግሞ ለእናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች መንገር አያስፈልገኝም። ከሥራ ሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤት ማባዣ መኪና፣ በመሥሪያ ቤት ወረቀት፣ ለአንድ ወዳጅ ተብሎ ሙሉ መጽሐፍ ሲገለበጥ ያላየ ማን አለ? አዋጁ ለግል ጥቅም ከመጽሐፍ ጥቂት ክፍል መቅዳትን ቢፈቅድም ሙሉ መጽሐፍ ማባዛትን አይፈቅድም። ያን የሚያደርገው ሰው የመንግሥትን ወረቀትና የደራሲውን ላብ በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ሆኖም ራሱን እንደ ሌባ አይቈጥርም።

አሳታሚዎቻችንም ከወቀሳ አያመልጡም። አንድ አሮጌ መጽሐፍ ከታተመበት ዋጋ በብዙ እጥፍ ሲሸጥ፣ የታተመው ዋጋ ተፍቆ በእስክሪብቶ ሌላ ሲጻፍበት ብናይ፣ ያ ቍጥር አንባቢዎች ለአሳታሚ የላኩት ደብዳቤ ነው፤ «ይህን መጽሐፍ እንፈልጋለን፤ እንደገና አትሙልን» ይላል። ደብዳቤውን የሚያነብ ጠፍቶ ስንት መጽሐፍ በ«ቁራሌው» ጆንያ ገብቶ የኦቾሎኒ መጠቅለያ ሆኗል! መጽሐፉ እንደገና ሲታተም የአሮጌው ዋጋ ይወርዳል፤ አንባቢ ያርፋል፤ ደራሲው ወይም ወራሾቹ ድርሻቸውን ያገኛሉ። የአሮጌ መጽሐፍ ንግድ ያመጣውን ጉዳት የሚያስተካክለው ፖሊስ ሳይሆን ዳግመኛ እትም ነው።

ለእኛ ለአንባቢዎችም የሚቀር ተግባር አለ። መጽሐፍ ዐዲስ በወጣበት ወራት፣ ደራሲው የማተሚያ ቤት ዕዳውን ገና ሳይከፍል፣ የምንችል ሰዎች ዐዲሱን እንግዛ። ያለቀውን መጽሐፍ ከአሮጌ ሻጭ ብንገዛ ነውር የለበትም፤ የተሰረቀውን ግን በርካሽነቱ አንታለል። አንብበን የጨረስነውንም ለመጠቅለያ ከመስጠት ለትምህርት ቤትና ለሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እናበርክት። በ2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራት ኪሎ የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ብዙ ሰዎች መጻሕፍታቸውን እንዳበረከቱ እናስታውሳለን። እንዲህ ያለው ልግስና ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞችም ቢወርድ መልካም ነው። የቤተ መጻሕፍት ቍጥር ሲበዛ እንደ ዴንማርክ ለደራሲያን የሚከፈልበትን ደንብ ማሰብም አንድ ቀን ይቻል ይሆናል።

በሶደሬ የነበርንበትን ጨዋታ ልፈጽም። ለአረጋዊው «አንድ ጊዜ» ብዬ ስመልስላቸው ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም አራቱን ስሞች እንደገና ተመልክተው፣ «እንግዲያው እኛ አራታችን ለደራሲው አንድ ሰው ነን ማለት ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ከረጢታቸው ከተቱና፣ «ለልጅ ልጄ ይህን አላወርሳትም፤ እሷ ዐዲሱን ትግዛ። ገንዘቡን እኔ እሰጣታለሁ» ብለው ተሰናበቱኝ።

በደመወዝና በጡረታ የሚተዳደር ሰው ለደራሲ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ አምስተኛው ስም ከመሆን ሁለተኛው ገዢ መሆን።